የቤታችሁ የመብራት ሞኒተር ከቆጣሪው ጋር አልስማማ ሲል፦ ስህተቱን ደረጃ በደረጃ ማግኛ

ሞኒተሩ በወሩ 140 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቀማችሁ ይላል። ቆጣሪው ደግሞ 171 ቆጥሯል። የቱን ታምናላችሁ? አብዛኛው ሰው ወዲያው ከሁለቱ አንዱን ይወነጅላል። ወይ «ድሮም ርካሽ ዕቃ» ብሎ ሞኒተሩን ይነቅላል፤ ወይ «መብራት ኃይል እየበላኝ ነው» ይላል። ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ነው።

ሞኒተር እንዲሁ በዘፈቀደ አይሳሳትም። እያንዳንዱ ችግር የራሱ ምልክት አለው። ዜሮ ማንበብ አንድ ችግር ነው። ልክ ግማሹን ማንበብ ሌላ ነው። ማታ ማታ ብቻ የሚበዛ ስህተት አለ፤ ፍሪጅ ላይ ብቻ የሚታይ ስህተትም አለ። ምልክቱን ካወቃችሁ ምክንያቱ ጋ ለመድረስ ብዙ አትለፉም።

አንድ አደራ አለኝ። አፑ ውስጥ ያለውን የንባብ ማስተካከያ መጀመሪያ ላይ አትንኩት። ምክንያቱን ሳታውቁ ቁጥሩን ብቻ ብታስተካክሉ፣ ለምጣዱ ልክ ይመጣና ለፍሪጁ ይበላሻል። ማስተካከያው የመጨረሻ ሥራ ነው።

ከዚህ በታች የምጽፈው በኢትዮጵያ ቤቶች የተለመደውን ባለ 220 ቮልት፣ ባለ 50 ኸርዝ መስመር ይዞ ነው። ሞኒተሩ ሶኬት ላይ የሚሰካ ትንሽ ዋት መለኪያ ሊሆን ይችላል። ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገጠምና ሽቦው በውስጡ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ወይም እንደ ፒዜም 004ቲ ሽቦው ላይ ቀለበት የሚያቅፍ ክላምፕ ያለው ሊሆን ይችላል። ብዙ ጣጣ ያለው ክላምፑ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም እላለሁ።

ሳትነኩ በፊት

ከቆጣሪው መጥቶ ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባው ወፍራም ሽቦ፣ ዋናውን ብሬከር ብታጠፉትም ኃይል አለው። ይህን የማያውቅ ሰው «አጥፍቻለሁ» ብሎ እጁን ይሰዳል። ሳጥኑን ከፍቶ ሽቦ መነካካት ሥራችሁ ካልሆነ ኤሌክትሪሺያን አስጠሩ። ከታች ካሉት ፍተሻዎች ብዙዎቹ ሳጥን ሳይከፈት የሚሠሩ ናቸው።

ስለ ክላምፕም አንድ ነገር እወቁ። ክላምፑ ኃይል የሚያልፍበትን ሽቦ አቅፎ እያለ ቀጭኗን ገመዱን ከሞኒተሩ አትንቀሉ። የውስጥ መከላከያ የሌላቸው ክላምፖች እንዲህ ሲደረጉ ጫፋቸው ላይ አደገኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። ቅደም ተከተሉ ዋናውን ማጥፋት፣ ክላምፑን ከሽቦው ማውለቅ፣ ከዚያ ገመዱን መንቀል ነው።

ደረጃ 1፦ ብርን ተዉት፣ ኪሎዋት ሰዓትን አወዳድሩ

ሞኒተሩ «የ300 ብር ተጠቅማችኋል» ቢልና ሂሳቡ 420 ቢመጣ ምንም ማስረጃ አይሆንም። የእኛ ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ዋጋው በእርከን እየወጣ የሚሄድ ነው። በዚያ ላይ የአገልግሎት ክፍያ አለ። አብዛኛው አፕ ግን አንድ ዋጋ ብቻ ተቀብሎ ያባዛል። ስለዚህ የሚወዳደረው ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ካርድ ቆጣሪ ያላችሁም ቀሪ ሂሳቡን ሳይሆን እስካሁን የተጠቀማችሁትን ጠቅላላ ቁጥር ፈልጉ። ቆጣሪው ቁጥሮቹን በየተራ ያሳያል፤ ወይም ቁልፉ ሲጫን ያመጣዋል።

ቀጥሎ ወሩ። ሂሳባችሁ በጥቅምት የተሠራ ከሆነ፣ አፑ ደግሞ ኦክቶበርን ካሳያችሁ፣ የተለያየ ወር እያወዳደራችሁ ነው። ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11 ወይም 12 ላይ ነው የሚውለው። ቀኖቹ ሳይገጥሙ ቁጥሩ ሊገጥም አይችልም።

ሰዓቱንም እዩ። አፑ ወይም ዕቃው በቤጂንግ ሰዓት ተሞልቶ ከመጣ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ያኔ አዲሱን ቀን የሚጀምረው በእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። የእራት ሰዓት ፍጆታችሁ በሙሉ ለነገ ይመዘገባል። የቀን በቀን ቁጥሩ ትርጉም የሚያጣባቸው ብዙ ቤቶች ችግራቸው ይኸው ብቻ ነው። የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ወይም ናይሮቢ አድርጉት።

ትክክለኛው ንጽጽር ቀላል ነው። ቆጣሪውንና ሞኒተሩን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ፎቶ አንሱ። በነጋታው በዚያው ሰዓት ድገሙ። ከሁለቱም ላይ ልዩነቱን ቀንሱ። ቁጥሮቹ ከ2 እስከ 3 በመቶ ባለው ውስጥ ከተቀራረቡ ሞኒተራችሁ ደህና ነው። የቆጣሪ ዲጂቶች ሙሉ ኪሎዋት ሰዓት ብቻ የሚያሳዩ ከሆነ ግን አንድ ቀን አይበቃም። በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤት የአንድ ዲጂት ልዩነት 20 በመቶ ስህተት ይመስላል። ሳምንት ጠብቁ።

ደረጃ 2፦ የቆጣሪውን ብልጭታ ቁጠሩ

ከሁሉም የምወደው ፍተሻ ይህ ነው። ወር መጠበቅ የለም፣ ሳጥን መክፈት የለም፣ መሣሪያ መግዛት የለም። ስልካችሁ ላይ ያለው የሰዓት መቁጠሪያ ይበቃል።

ኤሌክትሮኒክ ቆጣሪ ፊት ለፊቱ ላይ የምትበልጭ ትንሽ መብራት አለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ናት። አጠገቧ 1000፣ 1600 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ታትሟል። ይህ ቁጥር በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበልጭ ይናገራል። ባለ ዲስኩ የድሮ ቆጣሪ ላይ ደግሞ ዲስኩ በኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚዞር ተጽፏል።

እንዲህ አድርጉ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ፤ ፍሪጁንም ንቀሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ በውሃ ሞልታችሁ ለኩሱ። ማፍያን የመረጥኩት እስኪፈላ ድረስ ሳይቋረጥ አንድ ዓይነት ኃይል ስለሚወስድ ነው። ካውያ ግን ሙቀቱ ሲደርስ ራሱን እያጠፋ እያበራ ያምታታል። መብራቷ ስትበልጭ ሰዓት አስጀምሩ። ያቺን የመጀመሪያዋን ብልጭታ «ዜሮ» ብላችሁ ቁጠሩ። «አንድ» ብላችሁ ከጀመራችሁ ስሌቱ ገና ከመነሻው ይዛባል። 30ኛዋ ላይ አቁሙ።

ስሌቱ ይኸውና። 3,600,000ን በብልጭታዎቹ ብዛት አባዙ። ከዚያ ቆጣሪው ላይ ላለው ቁጥርና ለሰከንዱ ብዜት አካፍሉ። ለምሳሌ ቁጥሩ 1000 ቢሆንና 30 ብልጭታ 60 ሰከንድ ቢፈጅ፣ 3,600,000 × 30 ÷ (1000 × 60) = 1,800 ዋት ይሆናል። በዚያው ቅጽበት ሞኒተሩ ያሳየውን ጻፉ። 1,530 ካለ እውነቱን 85 በመቶ ብቻ እያነበበ ነው።

አሁን በአንድ ዕቃ አታቁሙ። ይህን ፍተሻ በትንሽ ጭነት፣ በመካከለኛና በትልቅ ድገሙት። ለትንሹ የድሮው ባለ 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ጥሩ ነው፤ ለትልቁ ምጣድ። በትንሹ ጭነት 5 ወይም 10 ብልጭታ ይበቃል፤ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ፍሪጁንም ለብቻው ሞክሩት፤ ሞተሩ ሲነሳ ያዙት። የምታገኟቸው ቁጥሮች ቀጥሎ የት እንደምትሄዱ ይመሯችኋል።

ሁሉም ላይ በአንድ ዓይነት በመቶኛ ከተሳሳተ ክላምፑን ወይም ቅንብሩን እዩ። በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ዋት ከጨመረ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 12 ዋት ካስበለጠ፣ ምንም ዕቃ ሳይሠራም ባዶውን የሚያነብ ሞኒተር ነው። ማፍያው ላይ ልክ ሆኖ ፍሪጁ ላይ ከተሳሳተ ጉዳዩ ፓወር ፋክተር ነው፤ ዕቃው ከሚስበው ውስጥ ስንቱ እውነተኛ ሥራ እንደሚሠራ የሚናገር ቁጥር ማለት ነው። ቀን ልክ ሆኖ ማታ ከተሳሳተ ቮልቴጅ ነው።

ቆጣሪውን ማየት የማትችሉ ተከራዮች ትኖራላችሁ። ቆጣሪው አከራዩ በረንዳ ላይ ተቆልፎ፣ ወይም ለሦስት ቤት አንድ ሆኖ ማለቴ ነው። ለእናንተ ውሃው ራሱ ዳኛ ይሆናል። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 92 ዲግሪ ለማድረስ 0.126 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። 92 ያልኩት አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በከፍታው የተነሳ የሚፈላው እዚያ አካባቢ ስለሆነ ነው። ባሕር ዳር 94 ገደማ ነው። ጅዳ ወይም ዱባይ ላላችሁ 100 ስለሆነ ቁጥሩ 0.14 ይሆናል። ማፍያው ራሱ ስለሚሞቅና እንፋሎት ስለሚወጣ በተግባር ከ10 እስከ 20 በመቶ ይጨመርበታል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 0.14 ወይም 0.15 ጠብቁ። ከ0.126 በታች ካነበበ ሞኒተሩ እየቀነሰ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም፤ ውሃ በዚያ ኃይል ሊፈላ አይችልም። ከ0.16 በላይ ከሄደ ደግሞ እያጋነነ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ሞኒተሩ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ ማፍያውን በየመሃሉ እያቀዘቀዛችሁ ሦስት ጊዜ አፍሉና ድምሩን ለሦስት አካፍሉ።

ደረጃ 3፦ ሁሉም ነገር በሞኒተሩ በኩል ያልፋል?

ይህ ሞኒተሩ ምንም ሳይበላሽ ከቆጣሪው የሚያንስበት ዋና ምክንያት ነው። በእኛ ግቢዎች መስመር እየተቀጠለ ነው የሚያድገው። ሰርቪስ ቤቱ ሲሠራ፣ የውሃ ፓምፑ ሲገባ፣ የጥበቃ ቤቱ መብራት ሲዘረጋ፣ ሽቦው ከዋናው ብሬከር በፊት ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። ቆጣሪው ሁሉንም ያያል። ሞኒተሩ ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው።

ፍተሻው፦ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ብሬከሮች በሙሉ አጥፉና የቆጣሪው መብራት ላይ ትንሽ ቆዩ። ጭራሽ ካልበለጨች ደህና ነው። እየበለጨች ከቀጠለች ከሳጥናችሁ ውጭ የሚጠቀም መስመር አለ። ግቢውን ዙሩ፤ ምን እየሠራ እንደሆነ እዩ። ተከራይ ካለ ጠይቁ። ምንም ካልተገኘ ሽቦ ተልጦ ኃይል እያመለጠ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳይውል ሳያድር ይየው።

ደረጃ 4፦ ክላምፑ

ክላምፕ የሚያቅፈው አንድ ሽቦ ብቻ መሆን አለበት፤ ፌዙን፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ ብቻ። ፌዝና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) አብረው ከታቀፉ በአንዱ የሄደው በሌላው ስለሚመለስ ይጣፋሉና ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ይሆናል። ኤክስቴንሽን ገመድን ከነሽፋኑ ያቀፈ ሰው የሚያገኘው ይህንን ነው።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ክላምፑ ላይ ቀስት አለ። በተገለበጠ ጊዜ ኃይሉ በኔጌቲቭ ይታያል። አንዳንዱ ሞኒተር ኔጌቲቭ አያሳይም፤ ዜሮ ብሎ ዝም ይላል፤ ወይም ምልክቱን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ያወጣል። ሶላር የሌለው ቤት ኔጌቲቭ ካነበበ ክላምፑን ገልብጡት፤ አለቀ።

ከዚያ መግጠሙን እዩ። ክላምፑ የሚከፈትበት ቦታ ላይ ሁለት ለስላሳ የብረት ፊቶች አሉ። በመካከላቸው አቧራ፣ የቀለም ፍርፋሪ ወይም የሽቦ ሽፋን ቁራጭ ከገባ ንባቡ ይወርዳል። «ቋ» ብሎ ካልተዘጋ አልተዘጋም። ሳጥኑ ጠቦ ወፍራሙ ሽቦ ክላምፑን ገፍቶ በትንሹ ከፍቶት መቅረቱ በጣም የተለመደ ነው። ማወቂያውም ቀላል ነው። ማፍያው ብቻ እየሠራ ፓወር ፋክተሩን ተመልከቱ። ለማፍያና ለምጣድ 1.00 ወይም 0.99 መሆን አለበት። 0.93 ወይም 0.9 ካለ መጀመሪያ የክላምፑን አዘጋግ ጠርጥሩ። ፊቶቹን በደረቅ ጨርቅ ጠርጉ፤ ሽቦው መሃል ለመሃል እንዲያልፍ አስተካክሉ፤ ከሌሎች ወፍራም ሽቦዎች አርቁት።

ንባቡ ልክ ግማሽ ወይም ልክ እጥፍ ከሆነ ክላምፑን ሳይሆን ቅንብሩን እዩ። ባለ 100 አምፔር ክላምፕ ገጥማችሁ አፑ ላይ 50 ተመርጦ ይሆናል። ክላምፕ ተበላሽቶ ሌላ የገዛ ሰውም እዚህ ይሰናከላል። መልኩ አንድ ዓይነት ሆኖ አንዱ ሚሊአምፔር፣ ሌላው ቮልቴጅ የሚያወጣ ክላምፕ አለ። ኤስሲቲ 013 በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ባለ 100 አምፔሩ 50 ሚሊአምፔር ያወጣል፤ ባለ 30 አምፔሩ ደግሞ 1 ቮልት። አይተካኩም።

ትንንሽ ጭነት ላይ የሚጠፋ ንባብ ሌላ ጉዳይ ነው። ባለ 100 አምፔር ክላምፕ ባለ 9 ዋት አምፖል የሚወስዳትን 0.04 አምፔር ቢያጣት አትገረሙ። ችግሩ ድምሩ ላይ ነው። ራውተር፣ ተጠባባቂ ላይ ያለ ቲቪ፣ ዲሽ ሪሲቨርና ቻርጀር አንድ ላይ 30 ዋት ቢወስዱና ሞኒተሩ ባያያቸው፣ በ30 ቀን 21.6 ኪሎዋት ሰዓት ከቁጥሩ ይጎድላል። መግቢያችን ላይ ካለው የ31 ልዩነት ብዙውን ይሸፍናል ማለት ነው። መፍትሔው ለቤታችሁ የሚመጥን ክላምፕ መግዛት ነው። ዋናው ብሬከራችሁ 32 አምፔር ከሆነ ባለ 200 አምፔር ክላምፕ ምን ይሠራላችኋል? ለሙከራ ደግሞ ኤሌክትሪሺያኑ፣ ኃይል ከጠፋ በኋላ፣ ያንኑ አንድ ሽቦ ክላምፑ ውስጥ አምስት ጊዜ ሊያዞረው ይችላል። ንባቡ አምስት እጥፍ ይሆናል፤ እናንተ ለአምስት ታካፍላላችሁ።

ደረጃ 5፦ ቮልቴጁ

አንዳንድ ሞኒተር ክላምፕ ብቻ ነው ያለው። ቮልቴጅ የሚለካበት ሽቦ የለውም። «ቮልቴጁ 220 ነው» ወይም «230 ነው» ብሎ ገምቶ ያባዛል። የእኛ መስመር ደግሞ በእራት ሰዓት 190 ሲወርድ፣ ሌሊት ሲያገግም የሚያድር ነው።

በቁጥር እንየው። በ220 ቮልት 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ በ190 ቮልት የሚወስደው 2,610 ዋት ገደማ ብቻ ነው። እንጀራው ቀዝቀዝ ባለ ምጣድ የሚደርቀውም ለዚሁ ነው። ሞኒተሩ ግን የሚያልፈውን 13.7 አምፔር በ220 አባዝቶ 3,020 ዋት ይላል። 16 በመቶ ገደማ በላይ አስነበበ። ማታ ማታ ብቻ የሚያጋንን ሞኒተር ምስጢሩ እዚህ ነው። የተገመተውን ቮልቴጅ ወደ አማካዩ ዝቅ ማድረግ ትንሽ ይረዳል፤ እውነተኛው መፍትሔ ግን ቮልቴጅንም የሚለካ ሞኒተር ነው። አዲስ ልትገዙ ከሆነ ክላምፕ ብቻ ያለውን ለእኛ ሀገር አልመክርም።

ቮልቴጅ የሚለካ ከሆነ በመልቲሜትር አረጋግጡ። ለሞኒተሩ ቅርብ የሆነ ሶኬት ላይ ለኩ። ከ2 ወይም 3 ቮልት በላይ ከተለያዩ ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ትልቅ ጭነት ስትለኩሱ ቮልቴጁ በአንዴ 25 ወይም 30 ቮልት ከወረደ ግን የሞኒተር ችግር አይደለም። የላላ ማያያዣ ወይም የቀጠነ መስመር አለ። የላላ ማያያዣ ይግላል፤ እሳት ያስነሳል። ቮልቴጁ ከ250 በላይ የሚወጣ ከሆነም ኒውትራል ተበጥሶ ወይም ላልቶ ሊሆን ስለሚችል ዋናውን አጥፉና ወዲያው ይታይላችሁ።

ስታቢላይዘር ያለው ቤት አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለበት። ክላምፑ ከስታቢላይዘሩ በፊት፣ የቮልቴጅ ሽቦው ደግሞ ከኋላ ከተገጠመ ሁለቱ የተለያየ ነገር ነው የሚለኩት። 180 ቮልት ገብቶ 220 ሲወጣ፣ 10 አምፔር ለመስጠት ስታቢላይዘሩ 12.2 አምፔር ይስባል። ሞኒተሩ 12.2ን በ220 ሲያባዛ ትክክለኛውን 2,200 ዋት 2,690 ያደርገዋል። ሁለቱም ከስታቢላይዘሩ በፊት ይሁኑ። ከኋላው ብታደርጉ ደግሞ ስታቢላይዘሩ ራሱ የሚበላውን አታዩም፤ ቆጣሪው ግን ያየዋል።

ደረጃ 6፦ ፍሪጅ፣ ፓምፕ፣ ኤልኢዲ

ማፍያው ላይ ልክ የሆነ ሞኒተር ፍሪጁ ላይ ለምን ይስታል? ሞተር ያለበት ዕቃ የሚስበው አምፔር ሁሉ ሥራ አይሠራም። ፍሪጁ 1.1 አምፔር ቢስብ፣ በ220 ሲባዛ 242 ይሆናል። ፓወር ፋክተሩ 0.6 ከሆነ እውነተኛው ኃይል 145 ዋት ነው። የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው 145ቱን ነው። ክላምፕ ብቻ ያለው ሞኒተር 242ቱን ይመዘግባል። ሞተሩ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር 29 ኪሎዋት ሰዓት ያለ ምንም ምክንያት ይጨምራል።

ፓወር ፋክተር የሚያሳይ ሞኒተር ካላችሁና አሁንም ፍሪጁ ላይ ብቻ ከሳተ፣ ወደ ክላምፑ አዘጋግ ተመለሱ። በትንሹ የተከፈተ ክላምፕ ማፍያ ላይ ስህተቱ ብዙም አይታወቅም፤ ሞተር ላይ ግን ይጎላል።

ደረጃ 7፦ ሦስት ፌዝ ያለው ቤት፣ እንዲሁም አሜሪካ ያላችሁ

እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ ቤት፣ የእንጨት ሥራ ወይም ወፍጮ ያለበት ግቢ ሦስት ፌዝ ይኖረዋል። እዚህ ላይ እያንዳንዱ ክላምፕ ከራሱ ፌዝ የቮልቴጅ ሽቦ ጋር መጣመር አለበት። የአንደኛው ፌዝ ክላምፕ ከሁለተኛው ፌዝ ቮልቴጅ ጋር ከተጣመረ ምጣዱ ልክ ግማሹን ያሳያል፤ ያውም በኔጌቲቭ። ይህን ያየ ሰው ክላምፑን ይገለብጠዋል። ኔጌቲቩ ይጠፋል፣ ግማሹ ግን ይቀራል፤ እሱም «ተስተካከለ» ብሎ ይተወዋል። ማፍያ ወይም ምጣድ ብቻ እየሠራ ፓወር ፋክተሩ 0.5 ካለ ሌላ ነገር አትፈልጉ፤ ፌዞቹ ተዘበራርቀዋል።

አሜሪካ ደግሞ ቤት የሚገባው ሁለት ባለ 120 ቮልት መስመር ነው፤ በመካከላቸው 240። ሁለት ክላምፕ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም በአንድ አቅጣጫ። የልብስ ማድረቂያውን ወይም ምጣዱን በአንድ ክላምፕ ብቻ የምትለኩ ከሆነ አፑ ላይ ያንን መስመር በሁለት እንዲያባዛ ማዘዝ አለባችሁ። አለዚያ ግማሹን ነው የምታዩት።

ደረጃ 8፦ ጄኔሬተር፣ ባትሪ፣ ኢንተርኔት

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሱ ከሆነ ሞኒተሩ የት እንደተገጠመ እዩ። ከመብራት ወደ ጄኔሬተር ከሚያዞረው መቀየሪያ በኋላ ከሆነ የጄኔሬተሩንም ኃይል ይቆጥራል። ቆጣሪው ደግሞ በዚያ ሰዓት ምንም አይቆጥርም። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው። ርካሽ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚቀይር ዕቃ) የሚሰጠው ሻካራ ሞገድም ብዙ ሞኒተሮችን ያሳስታልና በኢንቨርተር ሰዓት የታየ ንባብ ላይ አትመኩ።

ስለ ኢንተርኔት ደግሞ፦ ድምሩን ራሱ የሚይዝ ሞኒተር ዋይፋይ ቢቋረጥም ምንም አይሆንም። ድምሩ የሚሠራው በአፑ በኩል ከሆነ ግን የተቋረጠበት ሰዓት ፍጆታ ይጠፋል። ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ወይም ባዶ ቦታ ካያችሁ የጎደለው እዚያ ነው። የዕቃውን የራሱን ጠቅላላ ድምር ተመልከቱ።

ደረጃ 9፦ አሁን ማስተካከል ይቻላል

እስከ አሁን ያለውን ሁሉ አርማችሁም ማፍያ፣ ምጣድና ፍሪጅ ላይ በእኩል በመቶኛ የሚሳሳት ከሆነ ያኔ ማስተካከያውን ክፈቱ። መጀመሪያ ቮልቴጁን በመልቲሜትር ልክ አስተካክሉ። ከዚያ አምፔሩን፤ በመጨረሻ ዋቱን። ታስሞታ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር የሚጠቀሙ ሞኒተሮች ለሦስቱም የተለያየ ማስተካከያ አላቸው። ሌላው ዓይነት አንድ ማባዣ ቁጥር ብቻ ይጠይቃል። ያም ቀላል ነው፤ ከብልጭታው ያገኛችሁትን ለሞኒተሩ ንባብ አካፍሉ። 1,800ን ለ1,530 ስታካፍሉ 1.176 ይመጣል፤ እሱን አስገቡ። ከዚያ የብልጭታ ፍተሻውን በሌላ ዕቃ ድገሙት፤ ባስተካከላችሁበት ዕቃ ብቻ ልክ መሆኑ ምንም አያረጋግጥም።

ባዶ ቤት ላይ 10 ወይም 15 ዋት የሚያነብ ሞኒተር ማባዣ አያድነውም። ዝቅተኛ ገደብ የሚባል ቅንብር ካለው ከዚያ በታች ያለውን ዜሮ እንዲል አድርጉት። ግን ገደቡ ራውተራችሁን እንዳይውጠው ተጠንቀቁ።

ቆጣሪው ራሱ ቢሆንስ?

ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ለቤት የሚገጠም፣ የትክክለኛነት ደረጃው 1 (ክላስ 1) የሆነ ቆጣሪ የሚፈቀድለት ስህተት 1 በመቶ አካባቢ ነው። የ3 በመቶ ልዩነት ይዛችሁ ቆጣሪውን አትክሰሱ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ በላይ ሆኖ በማፍያና በምጣድ ላይ ከተደጋገመ፣ የውሃው ፍተሻም ለሞኒተሩ ከመሰከረ፣ ሁሉም ብሬከር ጠፍቶ ግቢው ውስጥ ምንም የሚሠራ ነገር ሳይኖር ቆጣሪው መቁጠሩን ከቀጠለ፣ ያኔ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በ905 ደውሉ፤ ወይም አቅራቢያችሁ ወዳለው ማዕከል ሄዳችሁ ቆጣሪው እንዲፈተሽ በጽሑፍ አመልክቱ። ማኅተሙን በራሳችሁም በጎረቤት ኤሌክትሪሺያንም አታስነኩ። ማኅተሙ ከተሰበረ ጠያቂ መሆናችሁ ቀርቶ ተጠያቂ ትሆናላችሁ።

ስትሄዱ በተመሳሳይ ደቂቃ የተነሱ የቆጣሪና የሞኒተር ፎቶዎች፣ የብልጭታ ቆጠራውን የሚያሳይ ቪዲዮ፣ እንዲሁም ቢያንስ የሁለት ሳምንት ዕለታዊ ንባብ በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። ከማመልከቻው በኋላም ንባቡን አታቋርጡ። ቆጣሪው ተቀይሮ አዲስ ከተገጠመ የአሮጌውን የመጨረሻ ቁጥርና የአዲሱን መነሻ ባለሙያው ከመሄዱ በፊት ፎቶ አንሱ።